ትኬቱ ላይ የአያቴ ስም የለም፤ አውሮፕላኑ ላይ ያሳፍሩኝ ይሆን?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮሎኝ ነው። አርብ ጠዋት በርሬ ሮም ለእህቴ ልጅ ክርስትና መድረስ አለብኝ። በርካሽ አየር መንገድ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስካሁን የማውቀው ሁለት ሻንጣ ጭኖ፣ ምግብ አብልቶ የሚወስደውን ነው። ትኬቱን 34 ዩሮ ቆረጥኩ። የቦርሳውን ነገር ተወጥቼዋለሁ፤ የሚፈቀደው 40 በ30 በ20 ሴንቲ ነው ስለሚል ለክቼ የተማሪ ቦርሳ ገዛሁ። በርበሬው ተጠቅጥቆ ገባ፣ ቅቤው ግን ቀረ።

የጨነቀኝ ስሙ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴ ላይ የእኔና የአባቴ ስም አንድ መስመር ላይ፣ የአያቴ ደግሞ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ነው። የመኖሪያ ፈቃዴም እንደዚያው። እኔ ግን ፎርሙን ስሞላ እንደለመድኩት የራሴንና የአባቴን ብቻ ጻፍኩ። መተግበሪያው ላይ ላርም ስል ከ3 ፊደል በላይ አይቻልም አለኝ። ሙሉ ስም ለመቀየር 115 ዩሮ፣ ከትኬቱ ሦስት እጥፍ በላይ! ቻት ላይ የሚመልሰው ሮቦት ነው፤ ሦስቴ ብጠይቀው ሦስቴም ያንኑ ገጽ ላከልኝ።

ቼክ ኢን በስልኬ አድርጌ የመሳፈሪያ ወረቀቱ ወጥቷል። ከሥሩ ግን የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለው ሰው ከመሳፈሩ በፊት ሰነዱን አየር መንገዱ ጠረጴዛ ላይ አሳይቶ ማኅተም ያስመታ ይላል። እዚያ እንዳይመልሱኝ ነው የምፈራው።

የአያት ስም በሌለበት ትኬት፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከዚያ ጠረጴዛ ያለፈ ሰው አለ፣ ወይስ 115ቱን ዩሮ ከአሁኑ ልክፈል?