ለድሬዳዋው የገበያ ሕንፃችን ባለቤት እኛ ተከራዮች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን እናብስለው

ጸሐፊ (ምድር ቤት፣ ሽቶና መዋቢያ)፦ ጀማው፣ ደብዳቤው ሐሙስ ይገባል። እስካሁን የተጻፈው «ኪራይ ይቀነስልን» ብቻ ነው። አያስኬድም። ሰው ካልገባ በነጻ ብንከራይስ ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያ ሰዉ ለምን እንደቀረ እንነጋገር።

2ኛ ፎቅ፣ የሙሽራ ልብስ፦ እኔ ከተከፈተ ቀን ጀምሮ አለሁ። ያኔ ከሐረርና ከጅግጅጋ ሚዜዎቹ ሚኒባስ ሞልተው ይመጡ ነበር። ልጆች ሊፍቱን ለማየት ብቻ ይገቡ ነበር። ዛሬ በእኔ ፎቅ ከ9 ሱቅ 3 ቀርተናል። ሊፍቱ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት አለ አይደል? ፀሐይ በልቶት ጽሑፉ ጠፍቷል። ፕላስተሩ ብቻ ቀርቷል።

1ኛ ፎቅ፣ ስልክ፦ አቦ፣ በዋጋ ታይዋን ገበያን አንችልም። ደንበኛው እኔ ጋ ስልኩን አገላብጦ ያያል፣ «መጣሁ» ይላል፣ በዚያው ይቀራል።

ጸሐፊ፦ ዋጋ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ሕንፃው ለድሬ ፀሐይ አልተሠራም። ዙሪያው የታሸገ መስታወት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለአምፖል እንጂ ለማቀዝቀዣ አይበቃም። ግንቦት ላይ 35 ዲግሪ ሲገባ እዚህ ውስጥ ማን ልብስ ይለካል? ከዚራን እዩት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬ ሲደርስ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ዛፍ አለው፣ በረንዳ አለው። ከፊራ ገበያም ቅስቶቹ ክፍት ናቸው፣ ነፋስ ይገባል። የሠሩት ሰዎች አገሩን አውቀውታል።

ካፌ፦ ለእኔ ትልቁ ሰዓቱ ነው። ድሬ ከምሳ በኋላ ወይ ተኝታለች ወይ በርጫ (ጫት) ላይ ናት። ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው ሲበርድ ነው። የእኛ በር ግን 12 ሰዓት ተኩል ይቆለፋል። ትናንት አንዲት እናት ሁለት ልጆች ይዛ ስትደርስ ዘበኛው ሰንሰለቱን እያሰረ ነበር። ትንሹ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አይስክሬሙን ያያል። ሆዴን በላኝ።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ቀየርኩት። «ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት እንዘጋለን፤ ማታ እስከ 4 ሰዓት እንሠራለን። የምድር ቤቱ መስታወት ተነሥቶ ሱቆቹ ወደ መንገዱ ይከፈቱ፣ የሸራ ጥላ ይሠራላቸው። የማታ ጥበቃውን ግማሽ ወጪ የተከራዮች ማኅበሩ ይሸፍናል።»

2ኛ ፎቅ፦ ላይ ያለነውስ? ባዶዎቹን ሱቆች ለልብስ ሰፊዎች ለ6 ወር በግማሽ ኪራይ ይስጥ። ሐረር «መኪና ግርግር» በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ሰዉ ጨርቁን ይዞ የሚሄደው ሰፊዎቹ አንድ ላይ ስላሉ ነው። እኔም ቀሚስ ሸጬ ለማሳጠር ሌላ ሰፈር አልክም።

1ኛ ፎቅ፦ በዚህ እስማማለሁ። የጥበቃው ግን ለ3 ወር ብቻ ይባል። ከዚያ በላይ አቅም የለንም።

ጸሐፊ፦ 3 ወር ብዬ አስገብቻለሁ። ረቡዕ 10 ሰዓት ካፌው ጋ እንፈርም። ማኅተሙን እኔ እይዛለሁ።