ኢንፊዩዥን ፓምፕ በሌለበት ሴፕቲክ ሾክን ማከም፦ ፈሳሽ እንጨምር ወይስ አድሬናሊን እንጀምር?

ጥያቄ (ጠቅላላ ሐኪም)
የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ የምሠራበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍልም ሆነ ኢንፊዩዥን ፓምፕ (መድኃኒትን በተወሰነ ፍጥነት ወደ ደም ሥር የሚያስገባ መሣሪያ) ስለሌለው፣ በሳንባ ምች ምክንያት ሴፕቲክ ሾክ (በከባድ ኢንፌክሽን ምክንያት የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ መውደቅ) ውስጥ የገቡ ታካሚዎችን እስከ ሪፈር ድረስ የምንከታተለው እኛው ነን። 50 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ሒሳብ 1.5 ሊትር ኖርማል ሳላይን ሰጥተን፣ አንቲባዮቲኩንም በመጀመሪያው ሰዓት ጀምረን የደም ግፊቱ ከ80/45 ፈቀቅ ካላለ ቀጣዩ እርምጃ ምን ይሁን? የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው ኖርአድሬናሊን የለንም።

መልስ (የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት)
ዶክተር፣ ሌላ ሊትር ከመስቀልዎ በፊት ሳንባውን ያዳምጡ። አዲስ ክራክል (በማዳመጫ የሚሰማ የመንጣጣት ድምፅ) ከተሰማ ወይም የኦክስጅን መጠኑ እየወረደ ከሆነ ፈሳሹን ያቁሙ፤ ሳንባው ውኃ ቢቋጥር ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የለንምና። በዛምቢያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናት ላይ፣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው የሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ምላሽ የአካል ክፍሎች መጎዳት) ታካሚዎች 48 በመቶው ሆስፒታል ውስጥ ሲሞቱ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት የሞቱት 33 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ ኤች አይ ቪ የነበረባቸው በመሆኑ ውጤቱ ለሁሉም ታካሚ እንዳለ አይወሰድም፤ ይሁንና እንደኛ ባለ ቦታ ፈሳሽን ያለ ገደብ መስጠት ጉዳት እንዳለው በግልጽ አሳይቷል።

መልስ (የአንስቴዥያ ባለሙያ)
በዚህ እስማማለሁ። ማዕከላዊ የደም ሥር መስመር (ወደ ልብ አቅራቢያ ትልቅ የደም ሥር የሚገባ ቱቦ) እስኪገኝ ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን አድሬናሊንን በክንድ ትልቅ የደም ሥር፣ በአረንጓዴው ካኑላ (ወደ ደም ሥር የሚገባ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ) መጀመር ይቻላል። 1 ሚሊ ግራሙን በ500 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲበጠብጡት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 2 ማይክሮ ግራም ይኖረዋል። 20 ጠብታው 1 ሚሊ ሊትር በሚሆን ቱቦ በደቂቃ 25 ጠብታ ሲወርድ፣ ለ50 ኪሎ ታካሚ በኪሎ 0.05 ማይክሮ ግራም በደቂቃ ይደርሰዋል። ግፊቱን በየ5 ደቂቃው በሌላኛው ክንድ እየለኩ፣ አማካዩ የደም ግፊት (MAP) 65 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እስኪደርስ ጠብታውን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። በዚያ መስመር ሌላ መድኃኒት አይግፉ፤ ቆዳው ከነጣ ወይም ካበጠ ወዲያውኑ አቁመው መስመሩን ይቀይሩ።

ጠያቂው
ከልብ አመሰግናለሁ። በአምቡላንስ ስንልክስ ይቀጥል?

መልስ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ)
ይቀጥል፣ ግን የጠብታው ፍጥነት በመንገዱ መንገጫገጭና በክንዱ መታጠፍ ስለሚዛባ አብራ የምትሄደው ነርስ ደጋግማ መቁጠር አለባት። ሳይነሱ ሁለተኛ መስመር ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ መድኃኒቱ ለደቂቃዎች እንኳ መቋረጥ የለበትም። የኦክስጅኑ ሲሊንደር እስከ መድረሻው መብቃቱንም አስልተው ያረጋግጡ። ሽንት በሰዓት 25 ሚሊ ሊትር መድረሱን፣ ጣት ለ10 ሰከንድ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ መመለሱን በክትትል ወረቀቱ ላይ እየመዘገበች ለተቀባዩ ሐኪም ታስረክብ።