ሙሽሪትን «ዞንግ-ዪም ነሽ» ያልኳት ቀን

ሰላም የሆንግ ኮንግ ልጆች። ካንቶንኛ የምትማሩ ካላችሁ ስለ አንድ ቃል ላስጠንቅቃችሁ፣ እኔን ጉድ ስለሠራኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ስትፈርም የጋብቻ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር። አስፈራራሚው ከፊርማው በፊት በጋብቻ ሕጉ የተቀመጠውን ማሳሰቢያ ያነባል፤ ጋብቻው «ዞንግ-ዪም» እና አስገዳጅ ነው ይላል። ቃሏን ያዝኳት። «የተከበረ፣ የሚያስፈራ ዓይነት» ብለው ሲነግሩኝ፣ በቃ ግርማ ሞገስ ማለት ነው ብዬ ዘጋሁት። ፎቶ ስንነሳ ለሙሽሪት «ዛሬ በጣም ዞንግ-ዪም ነሽ» አልኳት። እናትየው በሳቅ ፍርስ! ለካ ለቡድሃ ሐውልት፣ ለመቅደስ፣ ለመሐላ የሚባል ነው። ላንታው ደሴት ላይ ያለውን 34 ሜትር የነሐስ ቡድሃ ቀና ብላችሁ ስታዩ ዞንግ-ዪም ብትሉ ያምርባችኋል። ቬሎ ለለበሰች ልጅ ግን አይሆንም።

ጥፋቱ ከአማርኛችን ነው የመጣው። እኛ ግርማ ሞገስን ለታቦትም ለሽማግሌም ለሙሽራም እንላለን፤ እነሱ ለያይተውታል። ረጋ ያለች ጨዋ ሴት «ድዩን-ዞንግ» ናት። አቋቋሙና አነጋገሩ ቁም ነገር ያለው ሰው «ዞንግ-ዙንግ» ይባላል፣ የ2020ው የብሔራዊ መዝሙር ሕግ ራሱ መዝሙሩ ሲዘመር እንዴት መቆም እንዳለብን ሲናገር የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። ድግሱ ከደመቀ ደግሞ «ሉንግ-ዙንግ»።

ድምፁ ላይ፣ «ዞንግ» ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል፣ «ዪም» ዝቅ ብሎ ይወርዳል። የመጀመሪያዋ ፊደል በዞ እና በጾ መሃል ናት፣ ጆሮ ነው የሚያስተምራችሁ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ የኔን ሳትሰማ! ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ስሠራ አለቃዬ ሰው ፊት ጮኸብኝ። ሰውዬው እንዲያፍር «እኔም ክብር አለኝ» ልል ፈልጌ «ንጎ ያው ዞንግ-ዪም» አልኩት፣ ድምፁንም አስተካክዬ ነው ያልኩት። የሰው ክብር ግን «ዝዩን-ዪም» ነው፣ መጨረሻቸው አንድ ስለሆነ ተምታቶብኝ። እኔ ያልኩት ደግሞ በድምፅ «ጨው ሞልቻለሁ» ከሚለው ጋር ልክ አንድ ነው። ጩኸቱን አቁሞ ሄደና የጨው ዕቃውን ከፍቶ አየ። ባዶ ነበር። እንደገና ጮኸብኝ።