ደሴ ላይ በማኅበረሰብ አዳራሽ ፊልም ለማሳየት፦ ምስሉ፣ ድምፁ፣ መብራቱ፣ ፈቃዱ

ጦሳ ግርጌ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ? ሆጤ አካባቢ ያለ የማኅበረሰብ የሚዲያና የሥነ ጥበብ ማዕከል በወር አንድ ቅዳሜ ፊልም ማሳየት ሊጀምር ነው። የሚታዩት ሲኒማ ቤት የማይደርሱ፣ ወጣቶች በራሳቸው አቅም የሠሯቸው አጫጭር ፊልሞችና ዶክመንተሪዎች ናቸው። አዳራሹ 8 በ14 ሜትር ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ በአንድ ጎኑ አራት መስኮት አለው። ያለው ዕቃ 3,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚል የቆየ የቢሮ ፕሮጀክተር (1024 በ768)፣ ላፕቶፕ፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሞንታርቦና ትንሽ ሚክሰር ነው። ሰማንያ ሰው ያህል ይጠበቃል።

ምስሉን 5 ሜትር አድርገን ግድግዳው ላይ እንጣለው ወይስ ጨርቅ ይሻላል? ለሙከራ ሲከፈት ንግግሩ እየተድበለበለ አልሰማ ብሏል፤ ምን ይደረግ? መብራት ቢጠፋስ? ከፊልም ሠሪዎቹስ ምን ምን መቀበል አለብን?

ላኮመንዛ

5 ሜትሩን ተዉት። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ምስል የሲኒማ ድምቀት የሚኖረው በካሬ ሜትር 150 ሉመን ገደማ ሲያርፍበት ነው። 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ሰፊ ምስል ቁመቱ 2 ሜትር ግድም ስለሚሆን 7 ካሬ ነው፤ 1,050 ሉመን ይበቃዋል። 5 ሜትር ሲሆን ግን 14 ካሬ ይሆንና 2,100 ይጠይቃል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው 3,000 የሚገኘው አምፖሉ አዲስ ሆኖ፣ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ በሚያደላው በጣም ደማቅ ሞድ ላይ ብቻ ነው። በሲኒማ ሞድና በቆየ አምፖል ግማሹን ቁጠሩ። በዚያ ላይ የእናንተ ፕሮጀክተር ምስል ስፋቱ ለቁመቱ 4 ለ3 ነው፤ 16 ለ9 ፊልም ሲታይበት ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ የሚቀረው ቦታ ሩቡን ብርሃን ይወስዳል። የሚተርፋችሁ 1,100 ገደማ ነው፤ ለ3.5 ሜትር ልክ ይመጣል፣ ለ5 ሜትር ግን ከሚያስፈልገው ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ ይደበዝዛል።

ብሎኬቱ በጀሶ ካልለሰለሰ ግድግዳው አይሆንም። የአቡጀዲ ጨርቅ ደርባችሁ አሰፉ፣ በእንጨት ፍሬም ላይ በአራቱም ጎን ወጥሩት፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አልብሱት። ጥቁሩ ከሌለ ብርሃኑ አልፎ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለው ግድግዳም መልሶ ያደበዝዘዋል። በዙሪያው የአንድ ጣት ተኩል ጥቁር ጠርዝ ብታደርጉለት ምስሉ ጎልቶ ይታያል። ወለሉ ደልዳላ ስለሆነ የጨርቁ ታች ከወለል 1.2 ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ከሦስተኛው ረድፍ ኋላ ያለው ሰው ጽሑፉን በፊቱ ባለው ራስ ምክንያት ያጣዋል። ወንበሮቹንም አንዱን ረድፍ በሌላው ክፍተት አዛውሩ።

የቢሮ ፕሮጀክተር አብዛኛው ለአንድ ሜትር ስፋት ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር ርቀት ይፈልጋል፤ ለ3.5 ሜትር ከ5.25 እስከ 6.3 ሜትር ማለት ነው። ይህ ርቀት ሰው መሃል ስለሚገባ ከጣሪያው እንጨት ገልብጣችሁ ስቀሉት፤ ሌንሱ ከጨርቁ የላይ ጠርዝ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ከሜኑ ውስጥም የጣሪያ አሰቃቀልን ምረጡ። ምስሉ ትራፔዝ ከሆነ የምስል ማስተካከያውን ከመነካካት ፕሮጀክተሩን ራሱን አንቀሳቅሱ፤ ማስተካከያው ከምስሉ ጥራት ይቆርጣል።

አሁን ደሴ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፦ ከተማው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቀጭን አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ ስለዚህ ከ1,500 ሜትር በላይ በሜኑ ውስጥ ያለውን የከፍታ ሞድ ክፈቱ። ካልከፈታችሁት አምፖሉ ዕድሜው ያጥራል፣ ወይም ፊልሙ መሃል ራሱን ያጠፋል። ኮምቦልቻ ሞቃት ብትሆንም ከ1,500 በላይ ናት፣ እዚያም ይሠራል። ሞዱ ሲከፈት ማራገቢያው ይጮኻል፤ ለመስቀል ያልኩት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው። መስኮቶቹን በጥቁር ሸራ ዝጉ፣ ጠርዙን በቴፕ ያዙ፤ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ የከሰዓት ፀሐይ የፕሮጀክተሩን ልፋት ይበላል።

ቦርከና

ላኮመንዛ ስለ ምስሉ ያለው ልክ ነው፤ ግን ገንዘብ ካለ ከምስሉ በፊት ለድምፁ ይውጣ። ፈዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፤ ንግግር ካልሰማ ጎረቤቱን ያወራል፣ ቀጥሎ ይወጣል።

ንግግሩ የሚድበለበለው ከብሎኬቱ፣ ከሊሾውና ከቆርቆሮው እየተመለሰ ቀጣዩ ቃል ላይ ስለሚወድቅ ነው። ሞንታርቦውን ማስጮህ ያባብሰዋል። የኋላውን ግድግዳ በከባድ መጋረጃ ወይም በብርድ ልብስ አልብሱ፤ ግን ግድግዳው ላይ አታጣብቁት፣ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ሲንጠለጠል የበለጠ ድምፅ ይመጥጣል። ከጨርቁ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ። አዳራሹ ሲሞላ የሰው ጋቢና ኮት የቀረውን ያግዛል፤ ስለዚህ ባዶ አዳራሽ ላይ የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲገባ እንደገና ይስተካከል።

ሞንታርቦዎቹ በጨርቁ ግራና ቀኝ በማቆሚያ ይቁሙ፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ከተቀመጠ ሰው ጭንቅላት በላይ፣ 1.7 ሜትር ገደማ ይሁን፣ አፉም ወደ ኋላኛው ረድፍ መሃል ይዙር። ሚክሰሩ ላይ ቤዙን ቀንሱ፣ ከ100 ኸርዝ በታች የሚቆርጥ ቁልፍ ካለም ተጫኑት። ድምፁን የምትለኩት በፊልሙ ዝቅተኛ ንግግር እንጂ በሙዚቃው አይሁን፤ አንድ ሰው መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥና ቃል በቃል ይድገምላችሁ።

ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሩ ብቻ ከጠፋ ጥፋቱ የአዳራሹ አይደለም፤ ፋይሉ 5.1 (ባለ ስድስት መስመር ድምፅ) ነው። ንግግር በመሃለኛው መስመር ስለሚቀመጥ፣ ማጫወቻው ግራና ቀኝን ብቻ ካወጣ ይቀራል። ማጫወቻውን ወደ ስቴሪዮ አዋህዶ እንዲያወጣ አድርጉ፣ ወይም ፊልም ሠሪውን ከመጀመሪያው ስቴሪዮ ጠይቁ። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን «እምምም» የሚል ድምፅ ከመጣ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ፈትኑ። ከጠፋ፣ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መሃል ዲአይ ቦክስ (እምምታውን የሚቆርጥ ትንሽ ሳጥን) አስገቡ፣ ሁለቱንም አንድ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩ። የመሬት መስመሩን መቁረጥ ግን በጭራሽ፤ ሰው ይገድላል። ብሉቱዝም አይሁን፤ ድምፁ ከከንፈር ኋላ ይቀራል።

ዝናብን ደግሞ ምንም ሚክሰር አያሸንፈውም። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ሲወርድ ንግግር የበዛበት ዶክመንተሪ አይሰማም። ለእነዚያ ወራት የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ያላቸውን ፊልሞች አቆዩ፤ ወይም ኮርኒስ እስኪሠራ ድረስ በክረምት ይቅር።

ሐይቅ ዳር

ስለ መብራት ባጭሩ። ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል፤ አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይጎዳል። መብራት ወዲያው ቢመለስ እንኳ የጋለ አምፖል አይበራም፣ ጥቂት ደቂቃ ማቀዝቀዝ ይፈልጋል። 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ለፕሮጀክተሩና ለላፕቶፑ ብቻ አድርጉ፤ ሞንታርቦውን ከጫናችሁበት ወዲያው ይወድቃል። ዩፒኤሱ ጄኔሬተር እስኪነሳ ያቆያችኋል። ግን ርካሽ ጄኔሬተር የሚያወጣው ኃይል ስለሚወዛወዝ አንዳንድ ዩፒኤስ አልቀበልም ብሎ ባትሪውን ይጨርሳል፤ ይህን ከዝግጅቱ ቀን በፊት ፈትኑት። ጄኔሬተሩ ከበርና ከመስኮት ርቆ ውጭ ይቁም፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። ከእሱ ወደ አዳራሹ የሚሄደው ገመድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ቀጭን ዲቫይደር በዚህ ርቀት ይግላል።

ጦሳ ግርጌ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረ። ላፕቶፑ ላይ የአማርኛው የግርጌ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይመጣል። ፈቃዱንስ? አንዳንዶቹ ፊልሞች ዩቲዩብ ላይ ስላሉ «ማንም ያሳየው» የሚል ሐሳብ ተነሥቷል።

ጥቁር መጋረጃ

ዩቲዩብ ላይ መኖሩ አዳራሽ ውስጥ የማሳየት ፈቃድ አይሆንም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን በይፋ የማሳየትን መብት ለባለመብቱ ይሰጣል፤ መግቢያ ነፃ ቢሆንም ያው ነው። እነዚህ ልጆች ካሜራ ተከራይተው፣ ዘመድ አስቸግረው የሠሩት ነውና መጠየቁ ክብርም ነው። አንድ ገጽ ይበቃል፦ የፊልሙ ስም፣ ቀኑና ቦታው፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ መግቢያ ካለ ዋጋውና የፊልም ሠሪው ድርሻ፣ ከዝግጅቱ በኋላ ፋይሉ እንደሚጠፋ፣ የሁለቱም ፊርማ። ሙዚቃውን ከሌላ ሰው ወስደው ከሆነ የዚያንም ፈቃድ ይጠይቁ። ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤትም ቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ።

ፋይሉን ኤምፒ4፣ ኤች264፣ 1920 በ1080፣ ስቴሪዮ ድምፅ ብላችሁ ጠይቁ። በሰከንድ 15 ሜጋቢት የሆነ የ90 ደቂቃ ፊልም 10 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፋት32 በተባለው ፎርማት የተሠራ ፍላሽ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤክስፋት ይሁን። ከፍላሽ ላይ አታጫውቱ፣ ወደ ላፕቶፑ ቅዱት፣ ከዝግጅቱ በፊትም ሙሉውን አንዴ እዩት፤ ግማሽ የተቀዳ ፋይል መጀመሪያው ደህና ይመስላል።

የጽሑፉ ችግር በሁለት ምክንያት ይመጣል። የተመረጠው የፊደል ዓይነት (ፎንት) የግእዝ ሆሄ ከሌለው ሳጥን ያሳያል፦ በቪኤልሲ ማጫወቻ የግርጌ ጽሑፍ ምርጫ ውስጥ ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጡ። ጽሑፉ የተመሰቃቀለ ምልክት ከሆነ ደግሞ ፋይሉ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የጽሑፍ ኮድ አልተቀመጠም፤ በኖትፓድ ከፍታችሁ በዚያ አስቀምጡት። ከሁሉ የሚያስተማምነው ግን ፊልም ሠሪው ጽሑፉን ምስሉ ላይ አትሞ ቢሰጣችሁ ነው።

ላኮመንዛ

ሰዓቱን አስቡበት። ከቀኑ 9 ሰዓት ብትጀምሩ መስኮቱ በደንብ መዘጋት አለበት፤ ግን የ90 ደቂቃ ፊልምና የግማሽ ሰዓት ውይይት 11 ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ሰዉም ባጃጅ ሳይጠፋ ይገባል። ምሽት ላይ መስኮቱ ችግር ባይሆንም ሴቶችና ተማሪዎች ይቀንሳሉ። በረመዳንም ከአፍጥር በፊት ጨርሱ። ፕሮጀክተሩን ደግሞ ውይይቱ ሲጀመር አጥፉት፤ ዩፒኤሱ ላይ እንደተሰካ ማራገቢያው ራሱ እስኪያቆም ድረስ ማንም አይንቀለው።