የሰፈራችን ካፌ ቆልቶ የሸጠልኝ ቡና ጀበና ላይ ለምን ኮመጠጠ?

የገርጂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ራሱ ቆልቶ የሚያፈላ ካፌ ተከፍቷል። ባለፈው ቅዳሜ ጎራ ብዬ አንድ ስኒ ይርጋጨፌ ጠጣሁ። ቀጠን ያለ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ነበር፤ በጣም ወደድኩት። ግማሽ ኪሎ ፍሬ ገዝቼ ገባሁ። እማዬ በጀበና ስታፈላው ግን ኮመጠጠ። "ጥሬውን ነው የሸጡልሽ" ብላ መልሳ ልትቆላው ስትል ነው የደረስኩባት። በዚህ ሳምንት አብረን ልንሄድ ነው። ምን ብዬ ልጠይቃቸው? ቡናውስ ተበላሽቶ ነው?

ቆላው፦ አልተበላሸም። ሦስት ዓመት ቡና ስቆላ ኖሬያለሁና ልንገርሽ። ፍሬው 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል። "ላይት" የሚሉት ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የሚወጣው ነው፤ የወደድሽው የሎሚ ጣዕም የሚተርፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጀበና ላይ የኮመጠጠውም እሱው ነው። እናትሽ የለመዱት ደግሞ ጠቁሮ ቅባቱ እስኪያብረቀርቅ የተቆላውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ "ለጀበና የሚሆን ጠቆር ያለ አላችሁ?" በያቸው። ቀጥሎ መቼ እንደተቆላ። ቀኑን መናገር ካልቻሉ አትግዢ። ከዚያ የታጠበ ይሁን ያልታጠበ ጠይቂ፤ ገለፈቱ ተልጦ የታጠበው ጥርት ብሎ ኮምጠጥ ይላል፣ ከነገለፈቱ የደረቀው ወፈርና ጣፈጥ ይላል። ለእናትሽ ያልታጠበ ጉጂ ወይም ሐረር ይሻላል። ደግሞ በተቆላበት ቀን አትጠጪው፤ ሲቆላ ፍሬው ውስጥ የቀረው ጋዝ አራት አምስት ቀን ይውጣለት።

የቀበናዋ እናት፦ በጋዙ ነገር አልስማማም ልጄ። ዕድሜ ልካችንን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ እዚያው አፍልተን ስንጠጣ ምን ሆንን? የገርጂዋ፣ አንቺ ግን እናትሽ መልሰው እንዳይቆሉት። አንዴ የቀዘቀዘ ቡና ሁለተኛ ምጣድ ላይ ሲወጣ ያርራል እንጂ አይበስልም።

ቆላው፦ እውነትዎን ነው እትዬ። ጀበና ውስጥ ሲንተከተክ ጋዙ ይሄዳል። እኔ የኤስፕሬሶ ማሽኑን ቡና አስቤ ነው፤ እዚያ ላይ አረፋ ብቻ ሆኖ ያስቸግራል።

ስልቨር ስፕሪንግ፦ የተረፈውንም አትጣዪው እህቴ። በወረቀት ማጥለያ አንጠባጥቢው፦ 15 ግራም ቡና፣ 250 ሚሊ ሊትር ውሃ። ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ። ካፌው ላስፈጭልሽ ቢልሽ እንቢ በዪ፤ የተፈጨ ቡና ሽታው በቀናት ውስጥ ነው የሚጠፋው። እቤት ሙቀጫ እያለ!

የገርጂዋ፦ ሄደን መጣን፣ አመሰግናለሁ። የሚቆሉት ማክሰኞና ዓርብ ነው። እማዬ ገና ከመግባቷ "ምጣዳችሁን አሳዩኝ" አለች። ልጁም ሳይሰለች ማሽኑን ከፍቶ አሳያት፣ ላይቱንና ጠቆር ያለውን ጎን ለጎን አስቀመሳት። ላይቱን ጠጥታ "ይሄ ሻይ ነው" አለች፤ ስኒውን ግን ጨርሳዋለች። ያልታጠበ ጉጂ፣ ጠቆር ያለ፣ ሩብ ኪሎ ብቻ ገዛን። አቦሉን ወደደችው። ቶናው ቀጠነብኝ ትላለች።

የቀበናዋ እናት፦ ስትወቅጪ አንድ ማንኪያ ፍሬ ጨምሪ፤ ደግሞ አታልሚው። በረካው ላይ ንገሪን።