ክርክር፦ ከሕጻናት ማሳደጊያ ወደ ቤተሰብ የተመለሱ ልጆች መረጃ በጎንደር ለሕዝብ ይገለጽ?

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፣ ከማራኪ፦

የተከበራችሁ የቡድናችን አባላት፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን «በጎንደር ከማሳደጊያ ወጥተው ወደ ወላጅ ወይም ወደ ዘመድ የተመለሱ ልጆች ዛሬ እንዴት እንዳሉ የት ማንበብ ይቻላል?» ብላ ጠይቃ ነበር። ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ በሌላ ጨዋታ ተሸፈነ፤ ከአእምሮዬ ግን ስላልወጣ ለክርክር አቀርበዋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፤ በከተማችን ያሉ መንግሥታዊም ሆኑ መንግሥታዊ ያልሆኑ የሕጻናት ድጋፍ ተቋማት በየዓመቱ ስንት ልጅ እንደተቀበሉ፣ ስንቱን ወደ ቤተሰብ እንደመለሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተመለሱት መካከል ከአንድ ዓመት በኋላ ስንቱ በዚያው ቤት እንዳለ ለሕዝብ በቁጥር ሊያሳውቁ ይገባል እላለሁ።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ለስድስት ዓመታት ልጆችን ከቤተሰብ ጋር በማቀላቀል ሥራ ላይ ነበርኩ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ማኅደር ነበረው፤ በማኅደሩ መጨረሻ ገጽ ላይ የአንድ ወር፣ የሦስት ወር፣ የስድስት ወርና የአንድ ዓመት ተብሎ አራት ሣጥን የተሠመረበት የክትትል ቅጽ ነበር። የመጀመሪያው ሣጥን ጢም ብሎ ይሞላል፤ «ልጁ በደኅና ገብቷል፤ አያቱ በደስታ ተቀብለውታል» ይላል። ሁለተኛው ላይ «ስልክ አይሠራም» የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች። ሦስተኛውና አራተኛው ባዶ ናቸው። ያም ሆኖ ያ ልጅ በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ከቤተሰቡ ጋር የተዋሐደ» ተብሎ ተቆጥሯል፤ ቆጥሬ ያስገባሁትም እኔ ነኝ። ውሸት አልጻፍኩም፤ የተጠየቅነው ስንት ልጅ እንደሸኘን ብቻ ነበር፤ የሸኘነው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀን አልነበረም።

አገራችን በመመሪያም በሕግም የመረጠችው መንገድ ቤተሰብ ስለሆነ ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕጻናት እንክብካቤ መመሪያ ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍን፣ ከቤተሰብ ጋር መልሶ ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብ) እና ጉዲፈቻን አስቀድሞ የተቋም እንክብካቤን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎታል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀርቷል። ስለዚህ ልጁ የሚያድገው እዚሁ፣ በአያት፣ በአክስት፣ በጎረቤት እጅ ነው። ሸክሙን ለእነዚህ ቤቶች ካሸከምን፣ ቤቶቹ ሸክሙን ችለውት እንደሆነ የማወቅ ግዴታ አለብን።

የሕግ ባለሙያ፣ ከአዘዞ፦

ወንድሜ ያቀረቡት ሐሳብ ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን እቃወመዋለሁ። ጎንደር ሰፊ ከተማ ብትሆንም በቀበሌዎቿ ውስጥ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። «በዚህ ቀበሌ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ወደ አጎቷ ተመልሳ ከ4 ወር በኋላ ከቤት ወጥታለች» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም፤ በማግሥቱ ቡና ላይ ይወራል። በትምህርት ቤት ግቢ «የማሳደጊያ ልጅ» ተብሎ መጠራት ምን ያህል እንደሚያቆስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ሰው ስለራሱ የሚያዝ መረጃ በዘፈቀደ እንዳይበተን ነው። ዛሬ የምናወጣው መረጃ ልጅቱ ተድራ፣ ወልዳ፣ ሥራ ይዛ በምትኖርበት ዘመንም አብሯት ይኖራል፤ ፈቃዷን ደግሞ የጠየቃት የለም።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፣ ከማራኪ፦

አንቀጽ 26ን የያዘው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብትንም ይዟል። እኔ የምጠይቀው ድምር ነው፤ የልጅ ታሪክ በማኅደሩ ውስጥ ይቆይ። የሌሎችን ልምድ ለማየት ያህል፣ የእንግሊዝ ትምህርት ሚኒስቴር በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ያሉ ልጆችን ቁጥር በየዓመቱ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ላይ 83,630 እንደነበሩ ማንም ሰው ማንበብ ይችላል። ከእንክብካቤ የወጡ ወጣቶች ከ17 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜ በትምህርት ላይ ይሁኑ በሥራ፣ መኖሪያቸውም ምን ዓይነት እንደሆነ አብሮ ይወጣል። በአንድ አካባቢ ያለው ቁጥር አንሶ ልጁን ሊያስታውቅ ከቻለ ግን ይሸፈናል። እንግሊዝን የጠቀስኩት በእነርሱ ልክ እንሁን ለማለት ሳይሆን፣ ምስጢር ሳይወጣ መቁጠር እንደሚቻል ለማሳየት ብቻ ነው።

ልጅ የምታሳድግ አክስት፣ ከቀሃ ኢየሱስ ሰፈር፦

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ ትልቁ ልጄ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። የእህቴ ልጅ ከማሳደጊያ ወደ እኔ የመጣችው በኅዳር ወር ነበር። ያደረሷት ሰዎች አንድ ብርድ ልብስ፣ ደብተሮችና የመቋቋሚያ ገንዘብ ሰጥተውኝ ፈርሜ ተቀበልኩ። በገንዘቡ በርበሬ ገዝቼ ቅዳሜ ገበያ ማውጣት ጀመርኩ፤ እስከ ፋሲካ ጥሩ ሄደ፤ ከዚያ እኔ ታምሜ ሁለት ወር ስተኛ ዋናው ገንዘብ በመድኃኒትና በቤት ኪራይ አለቀ። ልጅቱ ትምህርቷን ትታ የእኔን መደብ ልትይዝ ተነሣች። ያን ጊዜ አንድ ሰው በሬን ቢያንኳኳ ኖሮ ነገሩ በትንሽ ይመለስ ነበር። የደረሰልኝ የሰፈሬ እድር ነው፤ ከእድሩ ገንዘብ ተበድሬ ልጅቱን ወደ ትምህርቷ መለስኳት።

ሰዎቹ የመጡት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት ቦታ የመጡ ሦስት ሰዎች በሦስት የተለያየ ወረቀት አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ አንደኛው ጎረቤት እያየ ልጅቱን በር ላይ አቁሞ ፎቶ አነሣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትገባለች። ስለዚህ የሕግ ባለሙያው ልጄ የተናገረው እውነት ነው፤ የማራኪው ልጄ የተናገረውም እውነት ነው። እኔ መቆጠሩን አልጠላም፤ ቆጥሮ መሄዱን ነው የምጠላው።

በሥራ ላይ ያለ ማኅበራዊ ሠራተኛ፦

እናቴ፣ የደረሰብዎትን ሳነብ አፍሬያለሁ፤ ምክንያቱን ግን ለቡድኑ ማስረዳት ይገባኛል። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጭልጋ አንድ ልጅ ለመጠየቅ መሄድ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የውሎ አበልና የሙሉ ቀን ጊዜ ይጠይቃል፤ ፕሮጀክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመድቡት ለመሸኛው ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ በተዘጋና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር የቀጠርናቸውን ቤቶች ማግኘት አልቻልንም። በዚህ ሁኔታ ቁጥሩ በአደባባይ ቢወጣ «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ከመባል በቀር ምን ይጨምራል?

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ፍርሃትም አለኝ። ተቋማት የሚመዘኑት ከዓመት በኋላ በቤታቸው በቆዩ ልጆች ብዛት ከሆነ፣ አንዳንዱ ተቋም አስቸጋሪ ኑሮ ያለበትን ልጅ ወደ ቤተሰብ ለመመለስ ይፈራል፤ ቁጥሩን እንዳያበላሽበት ልጁን በማሳደጊያ ያቆየዋል። ይህን ሳያስቡ ለቁጥር መቸኮል ልጁን ይጎዳል።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፣ ከማራኪ፦

ሁለተኛው ነጥብዎ በዚህ ክርክር ከቀረቡት ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሐሳቤንም እንዳስተካክል አድርጎኛል። ስለዚህ ከተመለሱት ጎን በማሳደጊያ የቀሩትና የቆዩበት ዘመን አብሮ ይውጣ፤ ልጅ ይዞ የሚያቆይ ተቋም በዚያ ይታያል። በመጀመሪያው ነጥብ ግን አልስማማም። «ያልተደረሰበት» የሚል የራሱ ረድፍ ይኑር፤ ምክንያቱም ይጻፍበት፤ መንገድ ተዘግቶ ከሆነ መንገድ፣ የውሎ አበል ጠፍቶ ከሆነ አበል። ዛሬ ያ ባዶ ሣጥን ተደብቆ ስለሚቀር በጀት የሚመድበው አካል አያየውም። ቁጥሩ በይፋ ቢወጣ ለመሸኛ ብቻ ገንዘብ ሰጥቶ ለክትትል የነፈገው ሁሉ ይጠየቃል፤ እርስዎ ደግሞ በማስረጃ የሚከራከሩበት ነገር ያገኛሉ።

የቀድሞ የአብነት ተማሪ፣ ከፋሲል ክፍለ ከተማ፦

ማን ነው የሚቆጠረው? በከተማችን አድባራት ዙሪያ ከወላጅ ርቀው በጎጆ የሚኖሩ ብዙ የአብነት ተማሪዎች አሉ። እነርሱን «ያለ ቤተሰብ የሚኖሩ» ብሎ መመዝገብ ትልቅ ስድብ ነው፤ ብዙዎቻችን የወጣነው ወላጅ መርቆን፣ ለትምህርት ነውና።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፣ ከማራኪ፦

ልክ ነዎት። ይህ መዝገብ በማሳደጊያ የኖሩትን ብቻ ይመለከታል፤ የአብነት ተማሪዎች ጉዳይ በራሱ መድረክ ይታይ።

በማሳደጊያ ያደገ ወጣት፦

ሁላችሁም የምትናገሩት ተመልሶ የሚገባበት ቤት ስላለው ልጅ ነው። እኔን የሚቀበል ዘመድ አልተገኘም፤ 18 ዓመት ሲሞላኝ ትራስ፣ ብርድ ልብስና የምስክር ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። በሁለተኛው ሳምንት በአንድ መጋዘን ሥራ አገኘሁ፤ «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» አሉኝ። ለእኔ ዋስ የሚሆን ማን ነው? የማሳደጊያውን እናት ጠየቅኳት፤ እርሷ ቀደም ብላ ለሌላ ልጅ ዋስ ሆና ነበር። ሥራው ለሌላ ተሰጠ። ቤት ስከራይም «ዘመድህ ማነው?» የሚለው ጥያቄ በየበሩ ይጠብቀኝ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ከእንክብካቤ የሚወጡ ወጣቶች በ17፣ በ19 እና በ21 ዓመታቸው እየተጠየቁ የሚመዘገቡበት አሠራር እንዳለ አንብቤያለሁ። እኔን በ19 ዓመቴ የጠየቀኝ ቢኖር የምመልሰው አንድ ቃል ነበር፤ ዋስ። የወጣነው ወጣቶች ሁሉ ይህንኑ መልሰን ቢሆን ኖሮ፣ አንድ የከተማ አስተዳደር ወይም አንድ ማኅበር ለእኛ ዋስ የሚሆንበትን ሥርዓት ማበጀት ያን ያህል ከባድ አይሆንም ነበር። ዘመድ አልባ ሆነን የወጣን ስንት እንደሆንን ግን በቁጥር እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ እኔ ቁጥሩ እንዲወጣ እደግፋለሁ፤ ከ18 በኋላ ያለነውንም እንዲጨምር እጠይቃለሁ።

የሕግ ባለሙያ፣ ከአዘዞ፦

ልጄ፣ ያነሣኸው ነገር እስከ ዛሬ አስቤው የማላውቀው ነው፤ ስለ ዋስትናው በግል አነጋግረኝ፤ የምችለውን አደርጋለሁ። ወደ ክርክሩ ስመለስ፣ ተቃውሞዬን ሙሉ በሙሉ አላነሣም፤ በሚከተለው መልክ ከሆነ ግን እስማማለሁ። ቁጥሩ በቀበሌ ደረጃ ሳይሆን በከተማ ደረጃ ብቻ ይውጣ፤ ከ5 በታች የሆነ ማንኛውም ቁጥር «ከ5 በታች» ተብሎ ይጻፍ፤ ዕድሜና ጾታ ከምክንያት ጋር በአንድ ሠንጠረዥ አይቀላቀሉ፤ የልጅ ፎቶግራፍ በምንም ሁኔታ አይያያዝ። ጥያቄው የሚቀርብበትም መንገድ አለ፤ በመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ኃላፊው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከተከለከልን አቤቱታችንን እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማድረስ እንችላለን። ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ።

ልጅ የምታሳድግ አክስት፣ ከቀሃ ኢየሱስ ሰፈር፦

ደብዳቤው ላይ ሁለት ነገር ይግባልኝ። ወደ አንድ ቤት የሚመጣው አንድ ሰው ይሁን፤ ሦስቱ መሥሪያ ቤቶች ከእርሱ ይዋዋሱ። ወረቀቱም «ልጅቱ አለች ወይ?» ብሎ አይጀምር፤ እንደዚያ ሲጠይቁኝ የተጠረጠርኩ ይመስለኛል። መጀመሪያ ቤቱ ምን እንደጎደለበት ይጠየቅ።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፣ ከማራኪ፦

እናቴ፣ ሁለቱንም አስገብቻለሁ፤ የቤቱ ጉድለት የመጀመሪያው ረድፍ ሆኗል፤ ከ18 ዓመት በላይ ያሉትም ተጨምረዋል። ረቂቁን ዛሬ ማታ ለሁላችሁም እልካለሁ፤ ፊርማችሁን የምታክሉ እስከ እሑድ ማታ አሳውቁኝ። ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ይገባል።