ስልኩ ሁሉ ለምን 2147483647 ሆነ?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የሱቅ ሲስተም ከሌላ ልጅ ተረክቤ እየሠራሁ ነው። የደንበኞችን ቴብል ስከፍተው የግማሹ ሰው ስልክ አንድ ነው፦ 2147483647። በ09 የተመዘገቡት ዜሮዋ ብትጠፋም ደህና ናቸው። የተበላሹት በ251 የጀመሩት ብቻ ናቸው። ቫይረስ ይሆን? ደግሞስ ከቁጥር ሁሉ ለምን ይቺ?

ባለ ሰርቨሩ፦
ምን ቫይረስ አመጣው! የስልኩ ኮለም ኢንት ነው፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ የሚይዝ ዓይነት። ኢንት 32 ቢት (0 ወይም 1 የሚጻፍበት ቦታ) አለው፤ አንዱ ለፕላስና ማይነስ ይሄዳል። በቀሪው 31 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር እሱ ነው። 9 አሃዝ ይገባል፣ በ251 ሲጀምር ግን 12 አሃዝ ነው። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ደግሞ ስትሪክት ሞዱ (የማይገባ ቁጥር አልቀበልም የሚልበት ሴቲንግ) ከጠፋ ጣሪያው ላይ ቆርጦ ያስቀምጣል። ቫርቻር፣ ማለትም የጽሑፍ ዓይነት፣ አድርገው፤ ስልክ አይደመር አይባዛ። የጠፋውን ከባክአፕ ፈልግ፣ ከዚያ ኮለም አይመለስም።

የሒሳብ መምህር፦
እናንተ ተግባብታችኋል፣ እኔ ግን ይቺን ቁጥር እንዲሁ አላልፋትም። 2ን 31 ጊዜ አባዝታችሁ 1 ብትቀንሱ እሷን ታገኛላችሁ። ፕራይም ናት፣ ከ1 እና ከራሷ ሌላ እኩል የሚያካፍላት የለም! 31 ፕራይም ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ። 11ም ፕራይም ነው፤ በ11 ስትሠሩት የምታገኙት 2047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው።

ይህን ያረጋገጠው የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772፣ ዓይኑ ሊጠፋ ምንም ባልቀረው ጊዜ። አንድ በአንድ እያካፈለ እንዳይመስላችሁ። ፕራይም አካፋይ ካላት፣ ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል 1 ወይም 63 መትረፍ አለበት። ከ46340 በላይ መሄድም አያስፈልግም፣ ስኩዌር ሩቷ እዚያ ነው። ሁሉም ተጣርቶ 400 የማይሞሉ ቁጥሮች ይቀራሉ። ከነሱም ፕራይሞቹን ብቻ መሞከር ነው። አንዱም አላካፈላትም። ተማሪዎቼ ካልኩሌተር ሲለምኑኝ ይቺን ነው የምነግራቸው፤ የሚሰማኝ ባይኖርም።

ጀማሪው፦
ወይ ጉድ! ባክአፑን አግኝቻለሁ፣ ተባረኩ። መምህር፣ ሌላ ቦታስ ትገጥመኝ ይሆን?

የሒሳብ መምህር፦
ጥምቀት ላይ! ብዙ የቆዩ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከእ.ኤ.አ. 1970 መባቻ ጀምሮ ያለፈውን ሰከንድ በመቁጠር ነው፣ እዚያው 32 ቢት ላይ። ቆጠራው 2147483647 የሚደርሰው በኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ሰው ጃን ሜዳ ጸበል ሊረጭ ቆሞ እያለ ማለት ነው። በቀጣዩ ሰከንድ ያልተስተካከለ ማሽን ወደ 1894 ዓ.ም. ይመለሳል፣ ምኒልክ ቤተ መንግሥት።

ባለ ሰርቨሩ፦
መምህር እንዳሉት ነው። ጀማሪው፣ ሠርተህ ሳትጨርስ ታይምስታምፕ (ቀንና ሰዓት መያዣ ዓይነት) የሆኑ ኮለሞችን እያቸው፤ ማይኤስኪውኤል ላይ እዚያችው ሰከንድ ላይ ያበቃሉ። ዱቤ ወይም ዋስትና ረጅም ቀን ካለው ዴትታይም ወደሚባለው ሌላ የቀን ዓይነት ቀይረው።